ሳይሰሙ ያልፈረዱት ንጉሥ፦ የነጃሺ ገጸ ባሕርይ በኢብን ሂሻም ሲራ

የመጀመሪያው ሂጅራ በአገራችን በተወሳ ቁጥር ውይይቱ ወዲያው ወደ አንድ ጥያቄ ያዘነብላል፤ ነጃሺው ሰልመዋል ወይስ አልሰለሙም? ሙስሊም ሊቃውንት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የንጉሡን ሞት ለሰሓቦቻቸው ነግረው በሩቅ የጀናዛ ሶላት እንደሰገዱላቸው በሚያስረዳው ሐዲስ ተመርኩዘው ለጥያቄው መልስ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ቀድሞ ስለሚጠልፈን፣ ጥንታዊው ትረካ ራሱ ሰውየውን እንዴት አድርጎ እንደሣላቸው ቀርበን ሳናይ እናልፋለን። ይህ ጽሑፍ ከቀደምት የዐረብኛ ስድ ንባብ ሥራዎች በታላቅነቱ የሚጠቀሰውን ሲራ እንደ ሥነ ጽሑፍ በማንበብ፣ የነጃሺን ገጸ ባሕርይና የታሪኩን ጭብጥ ይመረምራል።

ሲራው የሙሐመድ ኢብን ኢስሓቅ ሥራ ነው። እኒህ የመዲና ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ767 ገደማ በባግዳድ አርፈዋል። ሥራቸው በዋነኛነት የደረሰን እ.ኤ.አ. በ833 ገደማ ያረፉት ኢብን ሂሻም አርመውና አሳጥረው ባቆዩት ቅጂ ነው። ስደቱ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመሆኑ፣ በክስተቱና በመጽሐፉ መካከል ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ክፍተቱን የሚሞላው የዘጋቢዎች ሰንሰለት ነው፤ ኢብን ኢስሓቅ ከዙህሪ፣ ዙህሪ ከአቡበክር ኢብን ዐብዱረሕማን፣ እርሳቸውም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ሰምተዋል።

የተራኪዋ ማንነት ለትረካው አወቃቀር ወሳኝ ነው። ኡሙ ሰለማ ኋላ የምእመናን እናት ለመሆን የበቁ ቢሆኑም፣ በታሪኩ ውስጥ ግን ከባለቤታቸው ከአቡ ሰለማ ጋር የተሰደዱ ወጣት ሴት ናቸው። የሚናገሩትም «እኛ» እያሉ ነው። ስለ ነጃሺ ሲጀምሩ ዙፋናቸውን፣ ሠራዊታቸውን ወይም ሀብታቸውን አይጠቅሱም፤ መልካም ጎረቤት እንደነበሩ ይመሰክራሉ። በዐረቦች ዘንድ ጎረቤትነት፣ ማለትም ጂዋር፣ ከለላ መስጠትንም የሚያካትት ጽኑ ግዴታ ነበር። ስለዚህ አንባቢው ንጉሡን የሚያያቸው ከለላቸውን በፈለገች ስደተኛ ዓይን ነው። የታሪኩ መለኪያም ከዚሁ ይነሣል፤ ኃያሉ ሰው ደጁ ላይ ለቆመው ደካማ ምን አደረገለት?

ቁረይሾች ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ላኩ። ልዑካኑ በሐበሻ እጅግ የሚወደደውን የለፋ ቆዳ ጭነው መጡ። ለእያንዳንዱ መኳንንት ድርሻውን አስቀድመው ካከፋፈሉ በኋላ፣ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግሩ እንዲያስረክቧቸው ምክር እንዲሰጡላቸው ተስማሙ። ተራኪዋ እዚህ ላይ ጉዳዩን ግልጥ ያደርጉታል፤ ልዑካኑ ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ንጉሡ የስደተኞቹን ቃል መስማታቸውን ነበር። ስጦታው የተሰጠው ጆሮ ለመዝጋት ነው ማለት ነው።

መኳንንቱም በተስማሙት መሠረት፣ ስለ እነዚህ ሰዎች የበለጠ የሚያውቀው የገዛ ወገናቸው ነው ብለው መከሩ። ነጃሺው ተቆጡ። ከሌላው ይልቅ እርሳቸውን መርጠው የተጠጉ ሰዎችን አስጠርተው ሳይጠይቁ እንደማያስረክቡ ተናገሩ። እዚህ ላይ የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል ማስተዋል ይገባል። በዚህ ጊዜ ንጉሡ ስለ እስልምና ከስደተኞቹ ከራሳቸው አንድም ቃል አልሰሙም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ስለ ጃሂሊያ ዘመን ግፍ፣ ጠንካራው ደካማውን ስለሚበላበት ሥርዓትና ስለ ነቢዩ ጥሪ የተናገሩት፣ የሱረቱ መርየምን መክፈቻ ያነበቡት፣ ንጉሡም ጢማቸው እስኪርስ ያለቀሱት ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው። ትረካው ፍትሕን ከእንባ አስቀድሞታል። ነጃሺው ስደተኞቹን ለመስማት የወሰኑት ቃላቸው ልባቸውን ስለነካው አይደለም፤ ቃላቸው ልባቸውን ሊነካ የቻለው ለመስማት ስለወሰኑ ነው።

ተቃዋሚዎቹም ቢሆኑ በአንድ ቀለም አልተሣሉም። ዐምር በመጀመሪያው ቀን ተሸንፈው ሲወጡ፣ በማግስቱ ስደተኞቹን ከሥራቸው የሚነቅል ነገር ይዘው እንደሚመለሱ ዛቱ። ዐብዱላህ ግን፣ ቢቃወሙንም ዘመዶቻችን ናቸው ሲሉ ሊከለክሏቸው ሞከሩ፤ ኡሙ ሰለማም ከሁለቱ ይልቅ አላህን ፈሪው እርሳቸው እንደነበሩ ይመሰክሩላቸዋል። አሳዳጇን በሚዛን የምትናገር ተራኪ ስለ ንጉሡም በምትሰጠው ምስክርነት ልትታመን ይገባታል።

በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ያለውን ልዩነት አነሡ። ስደተኞቹ እንዲያ ያለ ጭንቅ ገጥሟቸው አያውቅም፤ ሆኖም ያመጣውን ያምጣ ብለው እውነቱን ለመናገር ቆረጡ። ጃዕፈር ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የተጣለ ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መሆናቸውን ሲናገሩ፣ ነጃሺው ከመሬት ቀጭን እንጨት አንሥተው ልዩነቱ የዚያችን ያህል እንኳ እንደማይሆን ገለጹ። መኳንንቱ ቢያጉረመርሙም አልተመለሱም። ለስደተኞቹ ከለላቸውን አጸኑ፤ ስጦታውም እንዲመለስ አዘዙ። ምክንያታቸውንም ሲናገሩ፣ አላህ መንግሥታቸውን ሲመልስላቸው ጉቦ እንዳልተቀበላቸው ጠቀሱ።

ይህ አነጋገር ለሰሚዎቹ እንቆቅልሽ ነበር። ዙህሪ ታሪኩን ለዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ሲያወሩ፣ ዑርዋ ከአክስታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) የሰሙትን ፍቺ ነገሯቸው። የነጃሺው አባት ንጉሥ ነበሩ፤ ከአንድ ልጅ በቀር አልነበራቸውም። ሐበሾች ንጉሡን ገድለው ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሉትን ወንድማቸውን አነገሡ። ወላጅ አልባው ልጅ በአጎቱ ቤት አደገ፤ በብልህነቱም የአጎቱን ልብ ገዛ። ገዳዮቹ በቀሉን ፈርተው ይገደል ቢሉ አጎቱ አልፈቀዱም፤ እንዲባረር ግን ተስማሙ። ልጁ በገበያ ለአንድ ነጋዴ በ600 ዲርሃም ተሸጠ። በዚያው ምሽት አጎቱን መብረቅ መታቸው፤ ልጆቻቸውም ለመንገሥ የማይበቁ ሆኑ። ሐበሾችም የሸጡትን ልጅ ፈልገው መለሱትና አነገሡት።

የታሪኩ ፍጻሜ የገጸ ባሕርዩ ቁልፍ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን ቢጠይቅ ሻጮቹ ከለከሉት። በንጉሡ ፊት ቀርቦ አቤት ሲል፣ ነጃሺው ወይ ገንዘቡ ይመለስለት፣ አለዚያ ባሪያው እጁን በእጁ አኑሮ ወደ ወሰደው ይሂድ ሲሉ ፈረዱ። የተሸጡት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ንጉሡ በገዛ ዋጋቸው ላይ ዳኛ ሆነው ተቀመጡ፤ ለገዛቸውም ሰው ፈረዱለት። ትረካው የጽናታቸውና የፍትሓቸው የመጀመሪያ ምልክት ይህ እንደነበር ይናገራል። ከዚህ በኋላ የቆዳውን ስጦታ መልሰን ስናየው ትርጉሙ ይጠልቃል። ልዑካኑ የመጡት ሰዎችን በዕቃ ለመለወጥ ነው፤ ያ ንግድ ምን እንደሚመስል ደግሞ ነጃሺው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ይህ ክፍል ስለ አገርም የሚነግረን አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦቻቸውን ሲልኩ ሐበሻን በንጉሡ ዘንድ ማንም የማይበደልባት የእውነት ምድር አድርገው እንደገለጿት ሲራው ያወሳል። እኛም ይህን በኩራት እንጠቅሳለን። ነገር ግን ያው መጽሐፍ፣ ያችው ምድር ንጉሥ የተገደለባትና ሕፃን የተሸጠባት እንደነበረች ሳይሸሽግ ይተርካል። ኋላ የመጡት የኢብኑል ጀውዚ (ሞ. እ.ኤ.አ. 1201) እና የሱዩጢ (ሞ. እ.ኤ.አ. 1505) ድርሳናት የሐበሾችን በጎነት የሚያስረዱ ዘገባዎችን ሲያሰባስቡ፣ ነጃሺው የአንድ ሕዝብ ክብር ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። በሲራው ግን ፍትሕ ከአፈሩ የበቀለ አይደለም፤ አንድ የተበደለ ሰው በደሉን ሳይረሳ፣ ሳይበቀልበትም ያቆመው ነው።

ትረካው ንጉሡን ስጋት የማይነካቸው አድርጎ አይሥላቸውም። ባላንጣ ሲነሣባቸው ስደተኞቹ፣ መብታችንን የማያውቅ ሰው ይነግሥብናል ብለው ይጨነቃሉ፤ ወጣቱ ዙበይር (ረ.ዐ.) በተነፋ ስልቻ ወንዙን ተሻግረው የድሉን ዜና ያመጣሉ። በሌላ ዘገባ ሕዝቡ ሃይማኖታችንን ለቀቅህ ብሎ ሲያምፅ፣ ነጃሺው አስቀድመው ለስደተኞቹ ጀልባዎች ያዘጋጃሉ፤ ከተሸነፍኩ ሂዱ፣ ካሸነፍኩ ቆዩ ይሏቸዋል። ስለ ዒሳ የጻፉትን ምስክርነት በካባቸው ውስጥ ሸሽገው፣ እጃቸውን በላዩ ላይ አኑረው ለሕዝቡ ይናገራሉ። በችሎት እንጨት አንሥተው በግልጽ የተናገሩት ንጉሥ እዚህ ቃላቸውን ደብቀዋል። ሆኖም የራሳቸው ዕጣ ባልታወቀበት ሰዓት እንኳ መጀመሪያ የታሰቡት የተጠጓቸው ሰዎች ናቸው።

ሲራው ዐምርንም ሳይመልሳቸው አይቀርም። ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ እንደገና ቆዳ ይዘው ወደ ነጃሺው መጥተው፣ የነቢዩን መልእክተኛ አሳልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ አሁንም ተቆጡ። በዚያ ችሎት ፊት ሁለተኛ የተሸነፉት ዐምር፣ በንጉሡ እጅ እስልምናን ተቀበሉ። ቆዳው ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ የሚገዛው ሰው አላገኘም።

ነጃሺው የማን ናቸው የሚለው ክርክር ወደፊትም ይቀጥል ይሆናል። ሲራው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ማንነቱን የማናውቀው ተሳዳጅ ደጃችን ሲቆም፣ ከሳሹም ስጦታ ይዞ ከጎኑ ሲደርስ፣ አስቀድመን የምንሰማው ማንን ነው? ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ነጃሺውን የእኔ ናቸው የሚል ሁሉ ይህን ጥያቄ አብሮ ይወርሳል።