ሐረርና የባሕሩ ማዕበል፦ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነበር?

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጀጎል ግንብ አጠገብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በማሳ፣ በኤረር ሸለቆና ከዚያ ባሻገር በተዘረጋው ቆላ ላይ ነው። ባሕር የሚባል ነገር አይታይም። ይሁንና ይህች ከተማ ለብዙ መቶ ዓመታት ንግዷን ያስኬደችው የባሕር ነፋስን እየጠበቀች ነው። ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ጭነት የያዘ ሳምቡክ ሲሰጥም፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ የሐረር ነጋዴ ጓዳው ይጎድል ነበር።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በአገራችን ስለ ወደብ ያልተባለ ነገር የለም። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ወደብ? በማን እጅ?» ከሚለው አያልፍም። የሐረር ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ያስነሳል። ወደቡ ተገኘ እንበል። ባሕሩ ሲከፋ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

▪️ ነፋስ ያወጣው የቀን መቁጠሪያ

ከእንፋሎት መርከብ በፊት በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የንግዱ ጌታ ነፋስ ነበር። በበጋው ወራት ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከጉጃራትና ከቦምቤይ የተነሳ መርከብ በዚህ ነፋስ ተገፍቶ ወደ ዓረብና ወደ አፍሪካ ዳርቻ ይመጣል። እኛ ክረምት በምንለው ወቅት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ይነሳል። በሰኔና በሐምሌ በራስ ጋርዳፉይና በሶኮትራ ደሴት መካከል ያለው ባሕር መርከበኛ ሁሉ የሚፈራው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ስመ ጥሩው የዓረብ መርከብ መሪ አሕመድ ኢብን ማጂድ ስለ ባሕር ጉዞ የጻፋቸው ሥራዎች ትልቁ ጉዳያቸው ይኸው ነው፦ መቼ መነሳት፣ መቼ መቅረት። ነፋሱ የሚበረታበትን ወቅት መርከበኞቹ ባሕሩ እንደተዘጋ ይቆጥሩት ነበር።

ቀን ያለፈበት ነጋዴ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው። ወይ ገንዘቡን በዕቃ ላይ አስሮ እስከ ሚቀጥለው ወቅት መክረም፣ ወይ ደፍሮ መነሳት። የሚሰጥሙት መርከቦች ብዙ ጊዜ የደፈሩት ነበሩ።

▪️ ዘይላ፣ እ.ኤ.አ. 1503 ገደማ

ለዚህ አካባቢ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ራሱ ነፋስ ያመጣው ሰው ነው። የቦሎኛው ተወላጅ ሉዶቪኮ ዲ ቫርቴማ እ.ኤ.አ. በ1503 ገደማ ከኤደን ተነስቶ ወደ ፋርስ ሊሄድ መርከብ ተሳፈረ። ጥቂት ቀናት እንደተጓዙ ነፋሱ ተቃራኒ ሆነባቸውና ወደ አፍሪካ ዳርቻ ገፋቸው። እሱ እንደጻፈው ጨርቅ የሚቀለምበት ሥር የጫኑ 25 ያህል መርከቦችም አብረው ነበሩ። በብዙ መከራ ዘይላ ገቡ፤ የአየሩን መሻል እየጠበቁም አምስት ቀን ቆዩ።

ቫርቴማ በእነዚያ አምስት ቀናት ያየው ገበያ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚሸጥበት፣ ከደጋው ክርስቲያን አገር በጦርነት የተማረኩ ሰዎች በባርነት የሚቸበቸቡበት ነበር። ይህን ምስክርነት ያገኘነው አንድ ነፋስ መንገዱን ስላሳተው ነው።

ዘይላ ያን ጊዜ የአዳል ሱልጣኔት የባሕር በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1517 ፖርቱጋሎች አቃጠሏት። በ1520 የአዳል መቀመጫ ወደ ሐረር ዞረ። ከኢማም አሕመድ ጦርነት በኋላም አሚር ኑር ከተማይቱን በግንብ አጠሩ። ግንቡ ከጠላት ጠበቃት፤ ከነፋሱ ግን የሚጠብቃት አልነበረም። ቡናዋም ሆነ ሸማዋ ገዢ የሚያገኘው ከባሕሩ ማዶ ነበር።

▪️ ሁለት ወደቦች፣ ሁለት አደጋዎች

እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ብዙ የተዛባና የንቀት ነገር ጽፏል፤ የንግድ ጉዳዮችን ግን በጥንቃቄ መዝግቧል። እንደ እሱ አገላለጽ የዘይላ ወደብ መከለያ የሌለው ነው። ለሰሜን ነፋስ የተጋለጠ፣ ከምዕራብና ከደቡብ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ የማይቀረቡት። ባሕሩ ሲሸሽ ሰፊ አሸዋ ስለሚገለጥ ትልልቅ መርከብ ከከተማው ርቆ መልሕቅ ይጥላል። ዕቃ የሚራገፈው በትንንሽ ጀልባ ነው። ስለዚህ ዘይላ ላይ ጭነት የሚበላሸው በጉዞ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ዳርቻው እየታየም ዕቃ ሊጠፋ ይችል ነበር።

በርበራ ሌላ ናት። ወደ ባሕር የተዘረጋ ረጅም የአሸዋ ምላስ ወደቧን ይከልልላታል። በዚያ ዘመን ግን ዓመቱን ሙሉ የሚኖርባት ከተማ አልነበረችም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ገበያ ይተከልባታል፤ ከፖርባንዳር፣ ከማንድቪና ከቦምቤይ የባንያን ነጋዴዎች ይመጣሉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሰፍራል። ነፋሱ ሊዞር ሲል መርከቦቹ ጭነው ይሄዳሉ፤ ጎጆው ይፈርሳል፤ ዳርቻው ባዶ ይቀራል።

በርተን እንደመዘገበው በየዓመቱ ከሐረር ወደ በርበራ ሦስት ሲራራ ነጋዴ ይወርድ ነበር። የመጀመሪያው በጥር መግቢያ ቡና፣ ሸማ፣ ወርስ የሚባለውን ቢጫ ማቅለሚያ፣ ቅቤና ሙጫ ጭኖ ይነሳል፤ ሲመለስ አቡጀዲ፣ ሐርና የሱራት ትምባሆ ያመጣል። ሁለተኛው በየካቲት ይከተላል። ሦስተኛውና ዋናው 3,000 ያህል ሰው የሚጓዝበት፣ በአሚሩ ሹም የሚመራ ሲሆን፣ በርበራ የሚደርሰው ገበያው ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ውድ የሚባለው ሁሉ፣ ባሪያዎችና በቅሎዎች ጭምር፣ የሚደርሰው በመጨረሻው ሰዓት ነው። መንገድ ላይ በውኃ እጦት፣ በቀረጥ ድርድር ወይም በጎሳ ግጭት ጥቂት ቀናት የዘገየ ሲራራ መርከቡን ሊያጣ ይችላል። መርከቡ ቢጠብቀው ደግሞ የሚነሳው ነፋሱ ሊለወጥ ሲል ነው። የየብሱ መዘግየት ባሕሩ ላይ ወደ አደጋ ይለወጣል ማለት ነው። በርበራን የያዘ ሐረርን በእጁ እንዳስገባ የሚቆጥር አባባል በከተማይቱ ውስጥ ሳይቀር ይነገር እንደነበር በርተን መጻፉ አያስገርምም።

▪️ ማዕበሉ ምን ያጠፋል?

መርከብ ባይሰጥም ጭነት ይጠፋል። ቡና እርጥበት ይስባል፤ የጨው ውኃ የነካው ጆንያ ገበያ ሳይደርስ ይሻግታል፤ ሽታው ይለወጣል። ማቅለሚያ ይሟሟል። በማሰሮ የተጫነ ቅቤ ማሰሮው ከተሰበረ አበቃ። አቡጀዲ ይበልዛል። የዝሆን ጥርስ ብቻ ከነክብሩ ይተርፋል፤ እሱም ቢሆን ከባድ ስለሆነ ማዕበል ሲበረታ ወደ ባሕር ይጣል ከሚባሉት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ዕቃ መጣል ትልቁ የክርክር ምንጭ ነበር። መርከቡን ለማትረፍ የአንዱ ነጋዴ ጭነት ተወረወረ፤ የሌላው ተረፈ። የተረፈለት ሰው ለተጣለበት መክፈል የለበትም ወይ? የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን በሮድስ ደሴት ስም በሚጠራው ሕግ ኪሳራው ለሁሉም ይከፋፈል ብለዋል። የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም ጉዳዩን በሰፊው ተከራክረውበታል።

ሐረር የምትመራበት እስላማዊ የንግድ ሕግ ለኪሳራ ሌላም መልስ ነበረው። ዛሬ ከወለድ ነፃ ባንኮች ደንበኞች የሚያውቁት ሙዳራባ ከጥንት የረጅም ርቀት ንግድ ጋር አብሮ የኖረ ውል ነው። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው ይዞ ይነግዳል፤ ትርፉን በስምምነታቸው ይካፈላሉ። ያለ ተጓዡ ጥፋት ዕቃው ባሕር ውስጥ ከቀረ ግን ገንዘቡ የሚጠፋው ለባለገንዘቡ ነው፤ ተጓዡ የሚያጣው ድካሙን ነው። በዕዳ አይያዝም። ማዕበሉን ማንም አላመጣውምና አንዱ በሌላው ላይ እንዳይጭነው የታሰበበት ሥርዓት ነው።

ይሁንና ይህ ፍትሕ የሚደርሰው ውል ላለው ሰው ነው። ቡናውን ያመረተው ገበሬና ግመል የነዳው ሶማሌ በውሉ ውስጥ የሉም። ከሁሉም በታች ደግሞ በመጨረሻው ሲራራ እየተነዱ የሚወርዱት ሰዎች ነበሩ። እነሱ በሒሳብ መዝገብ ላይ ጭነት ናቸው። የሰው ልጅ ጭነት ተብሎ ሲመዘገብ ነገሩ የት እንደሚደርስ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1781 በዞንግ መርከብ ላይ አይቷል፤ መርከበኞቹ ከ120 በላይ አፍሪካውያንን ከነሕይወታቸው ወደ ባሕር ከወረወሩ በኋላ የመርከቡ ባለቤቶች የመድን ክፍያ ጠየቁ። ጉዳዩ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የደረሰው በግድያ ክስ ሳይሆን በመድን ክርክር ነበር። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በሰጠሙት ሳምቡኮች ውስጥ የነበሩትን ምስኪኖች የሚቆጥር መዝገብ እንኳ አልቀረም።

▪️ አንድ ስብርባሪ የለወጠው ገበያ

እ.ኤ.አ. በጥር 1837 የእንግሊዝ ባንዲራ የሚያውለበልብ ዱርያ ዳውላት የተባለ የሕንድ መርከብ ኤደን አጠገብ መሬት ነክቶ ተሰበረ። ተሳፋሪዎቹ ተዘረፉ፤ ጭነቱ ኤደን ገበያ ላይ ተሸጠ። አደጋው ለመድን ገንዘብ ሲባል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው የሚል ጥርጣሬም ተነስቶ ነበር። የሆነ ሆኖ ካፒቴን ሄንስ ካሳ ሊጠይቅ መጣ፤ ከካሳው አልፎም ወደቡን ጠየቀ። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1839 እንግሊዞች ኤደንን በጦር ያዙ።

ከዚያ በኋላ ኤደን የሐረር ቡና ትልቋ ገበያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1875 ሐረርን የያዙት ግብፆች በርበራ ላይ የመብራት ማማና የመርከብ መጠጊያ ሠሩ። መቀመጫውን ኤደን ያደረገው የባርዴ የንግድ ድርጅት ሐረር ውስጥ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ሐረር የመጣው የዚሁ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ነው። በአንድ የተሰበረ መርከብ ሰበብ የተያዘ ወደብ የሐረርን ንግድ አቅጣጫ አስያዘው።

እንፋሎት ነፋሱን ያሸነፈ መሰለ። ሙሉ በሙሉ ግን አላሸነፈም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1897 «ኤደን» የሚል ስም የነበረው የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከብ በሶኮትራ አቅራቢያ በክረምቱ ማዕበል ተሰብሮ 78 ሰዎች አለቁ። በ1902 የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐረርን ግን አልነካትም። የግመል ሲራራውም፣ የበርበራ ገበያም፣ በነፋስ የሚቆጠረው ዓመትም እየደበዘዙ ሄዱ።

▪️ ለዛሬ ምን ይነግረናል?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 በኃይለኛ ነፋስና በአሸዋ ብናኝ መሐል ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ መርከብ ስዌዝ ቦይ ላይ ተጋድማ ስድስት ቀን መንገድ ዘጋች። የመርከቧ ባለቤት ያን ጥንታዊ ደንብ ጠሩት፤ መርከቧን ለማስለቀቅ የወጣውን ወጪ የጭነት ባለቤቶች ሁሉ እንዲጋሩ ተጠየቀ። መድን የሌለው አነስተኛ አስመጪ ከኪሱ መክፈል ነበረበት። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ሩቢማር ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደጫነች በሁቲ ሚሳይል ተመትታ ቀይ ባሕር ውስጥ ሰጠመች። ጭነቱ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ አልነበረም፤ የእኛ ገበሬ ማዳበሪያም ግን በጅቡቲ በኩል የሚገባው በዚያው አካባቢ ባሕር ተጉዞ ነው። መንገዱ ሲሰጋ የመርከብ ኪራይና የመድን ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪው ተንከባሎ ተንከባሎ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ውሉን ያላየው ሰው ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር ሕጓን ያወጣችው በ1952 ዓ.ም ነው። የጋራ ኪሳራ አከፋፈልም፣ የባሕር መድንም በሕጉ አለ። ሕግ አልጠፋም። የጠፋው የወደብ ክርክራችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ቦታ ማግኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም አገሩ ሁሉ ስለ ባንዲራና ስለ ባሕር ኃይል ተነጋገረ፤ ጭነት ሲዘገይ፣ ሲበላሽ ወይም ሲሰጥም ሸማቹን የሚከልል ምን አለ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

የሐረር ነጋዴ ወደብ የራሱ አልነበረም። ነፋሱንም አያዝም። የነበረው ነገር ሦስት ነው፦ ጊዜውን ማወቅ፣ ሸቀጡን በሦስት ሲራራ መክፈል፣ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መዋዋል። በውሉ ውስጥ ያልገቡት ግን ምንም አልነበራቸውም። ወደብ የሚፈልግ አገር ከነጋዴው ብልሃት ቢማር ይጠቀማል፤ ከውሉ ውጪ የቀሩትን ደግሞ ይዞ ሊገባ ይገባል። አለበለዚያ ወደቡ የማንም ይሁን፣ ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ከፋዩ ባሕር አይቶ የማያውቀው ሰው ሆኖ ይቀጥላል።