ባለ አጭር እጀታ መኮትኮቻ
ካሊፎርኒያ፣ 20ኛው ክፍለ ዘመን። ብረትና እንጨት።

እጀታው አንድ ክንድ ያህል ቢሆን ነው። በሳሊናስ ሸለቆ የሰላጣ ችግኝ የሚያሳሱ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ተወላጆች፣ ይህን ይዘው ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ይውሉ ነበር። ቀና ያለ ሰው ሥራ ማቆሙ ለአለቃው ከሩቅ ይታይ ነበር። የእርሻ ባለቤቶች ችግኙን ሳይጎዱ ለማሳሳት የሚሻለው አጭሩ ነው ይሉ ነበር፤ ሐኪሞች ግን አከርካሪን እንደሚጎዳ መሰከሩ። የግዛቲቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ደንቡ የሚከለክለው የተበላሸ ወይም በአሠራሩ ጉድለት ያለበትን መሣሪያ ብቻ ነው ብሎ መኮትኮቻው እንዲታገድ ሠራተኞች ያቀረቡትን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ይህ ትርጓሜ የሠራተኛውን ወገብ ከቁም ነገር አልቆጠረም። በጥር 1975 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትርጓሜው እጅግ ጠባብ ነው ሲል ሻረው፤ መሣሪያውም በዚያው ዓመት ታገደ።