የአባቴ የክፍል ልጆች

እሁድ ዕለት የአባቴ የስድስት ኪሎ ጓደኞች እኛ ቤት ተሰብስበው ነበር። ወሬው ያው ጡረታ፣ ስኳር በሽታ፣ አሜሪካ ያሉ የልጅ ልጆች።

ወዳጆቼ፣ እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። "በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ለእድገት በህብረት ዘመተ፤ በ1969 ቀይ ሽብር መጣ" ብዬ በአንድ ክፍለ ጊዜ እጨርሰዋለሁ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ።

አንደኛው እንግዳ የዘመቻ ዋዜማ ፎቶ አወጡ። ዘጠኝ ልጆች፣ ሁሉም አፍሮ፣ ሱሪው ቤል ቦተም። አምስቱ ሳሎናችን ተቀምጠዋል። ሦስቱ ውጭ አገር ናቸው።

"ይሄ ረጅሙስ አባዬ?" አልኩት።

ሳሎኑ ጭጭ አለ።

"እሱ... ከክፍላችን አንደኛ ይወጣ ነበር" አለኝና ፎቶውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "የስኳር መድኃኒት ደግሞ እንዴት ተወደደ እናንተ!"