የዕለት ልክ፥ ከኬክሮስ እስከ እንጦጦ

ፀሐይ በየካ በኩል ስትወጣ የቀኑን ሰዓት መቍጠር እንጀምራለን። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ዕለትን ከነሌሊቱ በ60 ኬክሮስ ከፍለውታል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 24 ሰዓትን ብቻ በመልመዳችን ይህን ቍጥር ንቀነው ነበር።

ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ለከዋክብት ምርምር ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ኮከብ ወደ ነበረበት የሰማይ ስፍራ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሴኮንድ ይመለሳል፤ ፀሐይ ግን፥ ምድር በዙሪያዋ ስለምትጓዝ፥ 4 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ይህም የኬክሮስ ስድስተኛ እጅ ገደማ ነው።

የምድር መሽከርከር ከአቶም ሰዓት ጋር ስላልተካከለም፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1972 እስከ 2016 ዓ.ም. በዓለም ሰዓት ላይ 27 ሴኮንድ ተጨምሯል። እንግዲህ የሊቃውንት ልክ ሁሉ ይታረማል፤ እኛም የአባቶቻችንን ቍጥር ሳንንቅ መለካትን እንማር።