የፈረስ ጉልበትና የኋላ ዲፈረንሻል

የ1960ዎቹ የአሜሪካ ኀይለኛ አውቶሞቢሎች ታሪክ ሲነገር የሚወደሰው ሞተሩ ነው። ይሁን እንጂ የመኪናውን ጠባይ በብዙ የወሰነው በኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ የተሸሸገው የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች ምጣኔ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1964 ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ሲወጣ መደበኛው ምጣኔ 3.23 ሲሆን፣ ገዢው ከፈለገ 3.90 ማዘዝ ይችል ነበር። በ3.90 ፒኞኑ 3.90 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ከዚህም የተነሣ ለጎማው የሚደርሰው የማዞር ኀይል ከመደበኛው በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ለ402 ሜትሩ የአጭር ርቀት ውድድር ይህ ትልቅ ብልጫ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በአውራ ጎዳና ላይ ነበር። የካምቢዮው የመጨረሻ ማርሽ አንድ ለአንድ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ለሞተሩ ፋታ አይሰጥም። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሞተሩ በ3.23 በደቂቃ 2,560 ጊዜ፣ በ3.90 ግን 3,100 ጊዜ ያህል ይዞራል። በእኔ አስተያየት ወደ ሥራ ለመመላለስ 3.90 ያዘዘ ሰው የገዛው ጩኸትንና የቤንዚን ወጪን ነው።

ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስና ከ1975ቱ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ በኋላ ፋብሪካዎች ወደ ዝቅተኛ ምጣኔ አዘነበሉ፤ መኪኖቹም ከቆሙበት ሲነሡ ዘገምተኞች ሆኑ። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ያወጣው አውቶማቲክ ካምቢዮ 4ኛ ማርሹ 0.70 ስለ ነበር፣ 3.90 ዲፈረንሻል ከእርሱ ጋር ሲጣመር በጎዳና ላይ እንደ 2.73 ይሠራል፤ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ብዙ ባለሙያዎችም ይህንኑ ካምቢዮ ይገጥማሉ።