የሰፈር መንገድ መጋራት

የሰፈር መንገድ መጋራት እግረኛ፣ ብስክሌተኛና አሽከርካሪ አንዱን ጠባብ መንገድ ሳይጎዳዱ የሚጠቀሙበት ሥርዓት ነው። ዋናው ጉዳይ ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በደረቅ አስፋልት ለመቆም 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በ30 ኪሎ ሜትር ግን 13 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ቁልቁለት ላይ ርቀቱ ይረዝማል። ስለዚህ እንደ ጎረቤላ ባለች የአንኮበር ተራራማ ከተማ ፍጥነትን መቀነስ ከሜዳማ ከተማ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዳገቱ ለብስክሌት አይመችም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ቅድሚያ የሚገባው ለእግረኛውና ለጭነት እንስሳው ነው። የጎርፍ መውረጃ ቦይን በጠፍጣፋ ድንጋይ መክደን መንገዱን ሳያሰፉ የእግረኛ መተላለፊያ ያስገኛል፤ ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ መላ ነው።

እግረኛን የማስቀደሙ ሐሳብ በትልቅ ከተማም ታይቷል፤ በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» የተሰኘው መርሐ ግብር በኅዳር 2011 ዓ.ም. ተጀምሮ የተመረጡ ጎዳናዎችን በአንዳንድ እሑዶች ለመኪና ዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገር አቀፍ ስትራቴጂ አወጣ። በዚያው ዓመት የካቲት ስለ መንገድ ደኅንነት የወጣው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ስፍራ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ጠይቋል።