አዞዎቹን ለማየት ማን ይጓዛል? ላጤው፣ ባለትዳሩና ልጅ ያለው

አርባ ምንጭ ከተማ በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ የተወለደ የሲቀላ ልጅ ዛሬ ተማሪ ነው። ክለቡ በ2014 ሲመለስ ሊጉ ተቀይሮ ጠበቀው። ከ2013 ጀምሮ ጨዋታዎቹ በየክለቡ ሜዳ መሆናቸው ቀርቶ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋን በመሳሰሉ የተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። ድሮ ከሴቻ በባጃጅ ሄደን የምናየው የሜዳችን ጨዋታ አሁን አውቶቡስና አልጋ ይፈልጋል። ሁሉም ዲኤስቲቪ ቤት አይቀርም፤ የሚጓዝም አለ። ማን እንደሚጓዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ላጤ ቀላል ነው። ጓደኞቹን ሰብስቦ ሚኒባስ ኮንትራት ይይዛል፣ አንድ ክፍል ለአራት ይተኛል። ድሬዳዋ ቢሆን እንኳ ይሞክራታል። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከዚያ ድሬ ደግሞ ሌላ ከ400 በላይ። ለ90 ደቂቃ ኳስ ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ማለት ነው።

ልጅ ያልወለዱ ባለትዳሮች ሐዋሳን ይመርጣሉ፤ ጨዋታውም ሽርሽሩም በአንድ ወጪ ያልቃል።

ነገሩ የሚከብደው ትንሽ ልጅ ሲመጣ ነው። ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ አንድ ሰዓት ይታገሳል፣ ስድስት ሰዓት ግን አይታገስም። ስለዚህ ለሱም ወንበር ቁረጡ፤ ካልሆነም ሶዶ ላይ አንድ ሌሊት እረፉ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። የኛን ሙቀት የለመደ ሕፃን እዚያ በማታ ይንቀጠቀጣል፤ ጋቢ ሳትይዙ አትውጡ። አዳማና ድሬ ከሆነ ደግሞ ስለ ወባ አስቡ፣ አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ።

በተግባር ግን አባት ስታዲየም፣ እናት ቤት ነው የሚሆነው። እሷም እኮ ልጅ ሳትወልድ በፊት ማሊያ ለብሳ ትጨፍር ነበር። ይሄን "ልጁ እስኪያድግ ነው" ብሎ ማለፍ እኛን አያሳምነንም፤ አንዱን ጨዋታ እሱ፣ ሌላውን እሷ ቢሄዱ ምን ችግር አለው?

ልጁ ትምህርት ሲጀምር ቀኑን የሚወስነው ካላንደር ነው። የሊጉ ወቅት ከትምህርት ዘመኑ ጋር ይጋጫል፤ የሚያዋጣው የሴሚስተር እረፍትና የቅዳሜና እሁድ ጨዋታ ነው። ከ1994 ጀምሮ በኅዳር የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትርም እሁድ ነው፣ የልጆች ሩጫም አለው። ሆኖም ከዚህ ለሚሄድ ቤተሰብ መነሻው አርብ፣ መመለሻው ሰኞ ስለሚሆን ቢያንስ አንድ የትምህርት ቀን ይበላል። አስተማሪውን አስቀድሞ ማናገር ነው።

ወጪን በተመለከተ ጋሞዎች አንድ የምንበልጥበት ነገር አለን። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ዘመድ ያለው ሰው ለአልጋ አይከፍልም። ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ ርቀቱ ቢበዛም፣ አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለበት ሐዋሳ ሊረክስ ይችላል። የሊጉ መክፈቻ ላይ ግን ብዙ አትቁጠሩ። የሚጀምረው በመስቀል ሰሞን ወይም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ያን ጊዜ ዘመዱ ራሱ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ወጥቷል፣ የኛም ኪስ በበሬው ቅርጫ አልቋል። ልጆቻቸውን የዳሩ አባቶች ብቻ ናቸው ያኔም መሄድ የሚችሉት፤ እነሱም የልጅ ልጅ ይዘው ቢሄዱ እናቱ አንድ ቀን ታርፋለች፣ ልጁም የከተማውን ክለብ በዓይኑ ያያል።